ትልቋ የሞላችው ካርቶን

ትልቋ ተብላ መጠራት የጀመረችው የወተት ጥርሷ እንኳን ሳይነቃነቅ ነው፤ ታናሽ እህቷ በተወለደች ማግስት። ከዚያ ወዲያ ያቺ ኩኩ ሆነች፣ ይቺ ትልቋ። ኩኩ ስታለቅስ ትልቋ አባብያት፣ ኩኩ ስትተኛ ትልቋ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ኩኩ የሰበረችውን ትልቋ ጥረጊው። እንዲህ እንዲህ ሲባል ዕድሜ ሄደ። ኩኩ አግብታ ሌላ ከተማ ገባች። ትልቋ የስፌት መኪናዋን እናቷ ቤት ጓዳ ውስጥ አቁማ፣ የሰው ሱሪ እያሳጠረችና ዚፕ እየቀየረች፣ እናቷን እየጦረች ቀረች። ጎረቤቱ ሁሉ "አንቺ የተባረክሽ" ይላታል። ከሁሉም አፍ ሰምታዋለች፤ ከእናቷ አፍ በቀር።

እናትየው ደግሞ ዕቃ አይጥሉም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወደዚያ ቤት የገባ እንጂ የወጣ ዕቃ የለም፤ ባዶ ጀሪካን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ሽቦው የተገነጠለ ጃንጥላ፣ ፌስታል የታጨቀበት ፌስታል፣ ማንም የማያነበው ጋዜጣ እስከ መስኮቱ ድረስ። ሳሎኑ ውስጥ የቀረችው መንገድ በጎን ብቻ የምታሳልፍ ስለሆነች ወፍራም እንግዳ ከበር ላይ ሰላም ብሎ ይመለሳል። እናትየው ግን "ቤቴ ምን ሆነ? የማያስፈልገኝን እጥል የለ እንዴ?" ይላሉ፤ ከልባቸው ነው የሚሉት። አንድ ጠዋት የጋዜጣው ክምር ተናደባቸውና ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። ሐኪሙ ጄሶውን አስሮ ሲጨርስ ነገሩን ከትልቋ ሰማ፤ ሰምቶም እዚያው ሕንፃ ላይ ወደምትሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ላካቸው።

ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ትልቋን ለብቻዋ አስቀምጣ፣ "እናትዎን ብጠይቃቸው ምንም ችግር የለብኝም ነው የሚሉኝ" አለቻት። "እየዋሹ አይደለም፤ እንደዚያ ይመስላቸዋል። ስለዚህ አፋቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነው ማየት የምፈልገው።"

"እጃቸውን?"

"አዎ። ይሄን ካርቶን ይውሰዱ። ቤት ሲገቡ ዓይንዎን ጨፍነው ከየክምሩ እጅዎ የገባውን ይጨምሩበት። ከዚያ እናትዎ እዚህ ፊቴ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ እያነሱ 'ይቀመጥ' ወይም 'ይጣል' ይላሉ። ሲጥሉት ምን ያህል እንደከበዳቸው ደግሞ ከዜሮ እስከ ዐሥር በቁጥር ይነግሩኛል። የቱ እንደሚቀላቸው ካወቅን ከዚያ ጀምረን ቤቱን እናስለቅቃለን።" ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ "ብቻ አይምረጡ።"

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ባለሙያዋ ግን የትልቋን ሆድ አታውቅምና ካርቶን አዋሰቻት።

ትልቋን ሆድ ብሷት ነበር። እናትየው ሆስፒታል ባደሩ ጊዜ ትልቋ ከአልጋቸው ሥር ልትጠርግ ገብታ አንድ የጫማ ሣጥን አግኝታ ነበር። ውስጡ ኩኩ ነበረች። ጥንዷ የጠፋ የልጅነት ካልሲዋ፣ ጥርሱ የረገፈ የፀጉር መያዣዋ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችበት የአውቶቡስ ትኬት፣ በልታ የጣለችው የከረሜላ ወረቀት ሳይቀር በመዳፍ ተስተካክሎ ተጣጥፎ። የትልቋ ነገሮችስ? የእሷማ ከጀሪካኑ ጋር ተደባልቀው፣ ከጃንጥላው ሥር ተረግጠው ነው የተገኙት። የትራስ ልብስ አለ፤ ጥልፍ በተማረች ዓመት "ለእናቴ" ብላ በቀይ ክር የጠለፈችው። እናትየው የብልቃጥ አቧራ ጠርገውበታል። ትልቋ ያን የትራስ ልብስ ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ዕለት በእህቷ ቀናች ቢባል ውሸት ነው፤ የምትቀናው ከድሮም ነው፤ ያን ዕለት ማስረጃ አገኘች እንጂ።

እናም ካርቶኑን ስትሞላ ዓይኗን አልጨፈነችም። እንዲያውም እንደዚያ ቀን አፍጥጣ አታውቅም። ልብስ ሰፊ ናትና የኮት ቀኝና ግራ እንደምትቆርጥ አድርጋ እኩል በእኩል ቆረጠችው፤ የኩኩን ካልሲ ስታስገባ የራሷን የመጀመሪያ መቀስ፣ የኩኩን የከረሜላ ወረቀት ስታስገባ የራሷን የትራስ ልብስ፣ የኩኩን ትኬት ስታስገባ የራሷን የስፌት ትምህርት ቤት ፎቶ። ነገሩ እንዳይነቃባት ከላይ ሁለት አሮጌ ጋዜጣ ጣል አደረገችበት። ባለሙያዋ የዕቃ ፍቅር ልትለካ ነው የላከቻት፤ ትልቋ የሰው ፍቅር ሚዛን አድርጋው መጣች። ቁጥሩ እስኪነገራት ድረስ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

በቀጠሯቸው ቀን ባለሙያዋ መጀመሪያ እናትየውን ወደ ጎን ክፍል ወሰደቻቸው። እዚያ ረጅም ጠረጴዛ ላይ እስክሪብቶ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ቁልፍ የሌለው ቁልፍ መያዣ፣ የሸክላ አሻንጉሊት፣ ምኑ ቅጡ ተደርድሯል። "በነፃ ነው እናቴ፤ የፈለጉትን ይውሰዱ፤ ባይወስዱም ይቻላል" አለቻቸው። ይሄም የፈተናው ክፍል መሆኑ ነው። እናትየው በደህናው እጃቸው ጠርሙሱን አነሡ፣ ቁልፍ መያዣውን አነሡ፣ እስክሪብቶውን ለቀም ለቀም አደረጉ። አሻንጉሊቷ ጋ ሲደርሱ ፊታቸው በራ።

"ይቺ ለኩኩ ልጅ ትሆናለች።"

ትልቋ ጥርሷን ነከሰች። የኩኩ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጢም አብቅሏል።

ከዚያ ካርቶኑ መጣ። ባለሙያዋ ከጠረጴዛው አንድ ጎን ቅርጫት፣ ከሌላው ጎን የቆሻሻ ባልዲ አስቀመጠች። ጋዜጦቹ ላይ እናትየው ብዙ ተከራከሩ፤ አንዱን ቅርጫት ውስጥ አስገቡ፣ ሌላውን በአራት ቁጥር ጣሉ። ትልቋ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። ቀጥሎ መቀሱ ወጣ።

"ይሄ የትልቋ ነው። ዝጓል፤ ይጣል" አሉና ባልዲው ውስጥ ለቀቁት። ኳ አለ።

"ስንት ልበል እናቴ?"

"ዜሮ።"

ካልሲው ወጣ። እናትየው ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በአውራ ጣታቸው አለሰለሱት። "ይቀመጥ።"

"ለሙከራ ያህል ብቻ ባልዲው ላይ ቢይዙትስ?" አለች ባለሙያዋ። "መጣል አይጠበቅብዎትም። ይያዙትና ቁጥሩን ይንገሩኝ።"

እናትየው ካልሲውን ባልዲው ላይ ያዙ። "ዐሥር" አሉ፤ ቆይተው ደግሞ፣ "ከዐሥር በላይ የለሽም እንዴ ልጄ?"

የትልቋ ፎቶ፣ ዜሮ። የኩኩ ትኬት፣ ዘጠኝ። የከረሜላው ወረቀት፣ ዐሥር። በመጨረሻ የትራስ ልብሱ ወጣ። እናትየው ጥልፉን አይተው ገለበጡት፣ አቧራውን አዩና አፍንጫቸውን ሰበሰቡ።

"ቆሽሿል። ይጣል፤ ዜሮ።"

"ምንም አይልዎትም?" አለች ባለሙያዋ።

"ምን ይለኛል?"

ትልቋ እንባ አልመጣላትም፤ የመጣላት ኩኩን ፀጉሯን ይዞ መጎተት ነው፣ ልክ እንደ ልጅነታቸው፣ ልክ ያን የፀጉር መያዣ የሰበሩ ዕለት። ባለሙያዋ ባልዲውን አየች፣ ቅርጫቱን አየች፣ በመጨረሻ ትልቋን አየች።

"ካርቶኑን ዓይንዎን ጨፍነው ነው የሞሉት?"

"አዎ።"

"የሚገርም እጅ ነው ያለዎት" አለች ባለሙያዋ ቀስ ብላ። "አንድም ጀሪካን አልነካም።"

ትልቋ ፊቷ ቀላ። ቢሆንም አልተጸጸተችም፤ የፈለገችውን ቁጥር አግኝታለች። እናትየውን ይዛ ወጣች፤ ቤት እስኪደርሱ፣ በዚያች ቀጭን መንገድ በጎን እስኪገቡ ድረስ በሆዷ ይዛው ሄደች። አልጋቸው ላይ ካስቀመጠቻቸው በኋላ ግን ፈነዳች።

"ኩኩ አንድ ቀን ገላሽን አጥባሽ ታውቃለች?"

"ማን አለ?" አሉ እናትየው ግራ ገብቷቸው።

"ሌሊት ስታስይ ማነው የሚነሳው? የከረሜላ ወረቀቷ ዐሥር፣ የኔ ጥልፍ ዜሮ?"

"አንቺ ደግሞ ምን ጎደለብሽ?" አሉ። "ሞልቶ የለም እንዴ ዕቃሽ? ይኸው ቤቱን ሞልተሽው?"

ቤቱን የሞላው የማን ዕቃ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ትልቋ ስልኳን አንሥታ ኩኩ ጋ ደወለች፤ "እማዬ አንቺን ነው የምትፈልገው። ነይና ያዣት፤ እኔ በቅቶኛል" ብላ ዘጋች። ኩኩ በማግስቱ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትደርስ ትልቋ ቅያሪ ልብሷን በከረጢት አንጠልጥላ ወጣች። የጀመረችውን ሻይ እንኳን አልጨረሰችውም።

ጨርቅ ከምትሸጥላት ጓደኛዋ ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረች፤ እዚያ ገባች። ጓደኛዋ ነገሩን ሰምታ፣ "በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፤ ምን ታደርጊዋለሽ እቴ" አለቻት። ትልቋ በዚህ ተረት አልተጽናናችም። መዳብ መሆን ሰልችቷታል። ለጓደኛዋ ደንበኞች መጋረጃ እየሰፋች ቀኑን ታሳልፋለች፤ አመሻሽ ላይ ግን እናቷና ኩኩ ተቃቅፈው፣ ሣጥኑን በመሀላቸው ዘርግተው ሲሣሣቁ በዓይነ ሕሊናዋ ይታያታል። በዚህ ጊዜ መርፌው ጣቷን ይወጋታል።

ሳምንቱ ሳያልቅ ኩኩ ደወለች።

"እትዬ፣ ምን አድርገሻት ነው የሄድሽው?"

"ማንን?"

"እማዬን ነዋ። የከረሜላ ወረቀቴንና ትኬቴን በመጣሁበት ቀን ጣለቻቸው። እኔ ሻንጣዬን ሳልፈታ።"

ትልቋ የምታሾፍባት መሰላት። "አትቀልጂ።"

"ምን ቀልድ አለው? አልጋሽ ላይ ልተኛ ስል 'የትልቋ ነው፣ አንሶላው እንዳይነካ' አለችኝ። ወንበር ገጥሜ ነው የምተኛው፤ ወገቤ ሊቆረጥ ነው። የጠጣሽበትን ብርጭቆ ሻዩ እንዳለ ክዳን አድርጋበት መስኮቱ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ሻግቷል። ልጠበው ብል ልትመታኝ።" ኩኩ አፍንጫዋን ሳብ አደረገች። "ከስፌት መኪናሽ ሥር ደግሞ ተንበርክካ፣ በዚያ በአንድ እጇ፣ ቁርጥራጭ ክርሽን ትለቅማለች። በማርማላታ ጠርሙስ አጠራቅማዋለች። እኔ ፊቷ ተጎልቼ እሷ የአንቺን ክር ታያለች።"

ትልቋ ሣቋ እንዳያመልጣት ስልኩን ከአፏ አራቀች።

"ድሮም አንቺን ነው የምትወደው" አለች ኩኩ።

"ድሮም?"

"ድሮም። እኔን በመጣሁ ቁጥር 'መቼ ትሄጃለሽ' ነው የምትለኝ። አንቺን ማን እንደዚያ ብሎሽ ያውቃል?"

ስልኩ ሲዘጋ ትልቋ ጮቤ ረገጠች። እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም፤ የእህቷ ቅናት እንደ ማር ጣፈጣት። ያን ቀን ሦስት መጋረጃ ጨረሰች፣ አንዱንም አልተሳሳተችም። እየዋለ ሲሄድ ግን ጣፋጩ ተሟጠጠና አንድ ነገር ጎረበጣት፤ ያቺ የተሰበረች አሮጊት ተንበርክካ ክር ስትለቅም። ትልቋ ያን ጠርሙስ ያገኘችው እናቷን ትታ ስለሄደች ነው። ያን ፍቅር ይዞ ለመቆየት ደግሞ እንደሄዱ መቅረት ያስፈልጋል። ኩኩ ይሄን ሁሉ ዓመት ያን የጫማ ሣጥን የገዛችበት ዋጋ ይኸው ነው፤ ርቆ መኖር፣ ሲመጡም ወንበር ገጥሞ መተኛት።

በነጋታው ባለሙያዋ ደወለች። "የመጀመሪያው ካርቶን አልሠራልንም" አለች፤ ለምን እንዳልሠራ አላነሣችም። "ዛሬ ቤት ድረስ መጥቼ በራሴ እጅ እሞላለሁ። እርስዎም ቢኖሩ ጥሩ ነው።"

ትልቋ ከረጢቷን አንጠልጥላ ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሥራው ተጀምሯል። ባለሙያዋ ጀሪካን ላይ ተቀምጣለች። ኩኩ ግድግዳ ተደግፋ፣ ወገቧን ይዛ ቆማለች፤ የኩኩ ሻንጣ ተዘግቶ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ ከሰዓት አውቶቡስ አላት። እናትየው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው የማርማላታውን ጠርሙስ በቆሻሻ ከረጢቱ አፍ ላይ ይዘዋል። ቀይ ክር፣ ጥቁር ክር፣ የሰው ሱሪ ሰማያዊ ክር።

"አይጣሉት፤ ይያዙት ብቻ" አለች ባለሙያዋ። "ስንት?"

"ዐሥር" አሉ እናትየው። "ዐሥር ነው ልጄ፤ አታስጥይኝ።"

ትልቋ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ይሄን ቁጥር ለመስማት ነው ያን ካርቶን የሞላችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ይሄን ነው። አሁን ስትሰማው ግን አላጠገባትም። የእናቷ ትከሻ እንደዚያ ሲንቀጠቀጥ ቆሞ ዐሥር መባል አልቻለችም። አንድ እግሯን ወደ ውስጥ ስታስገባ ጋዜጣ ረገጠችና ኮሽ አለ።

እናትየው ዞሩ።

"መጣሽ?"

"መጣሁ።"

"ከረጢትሽን ልትሞዪ ነው ወይስ ልትቀሪ?"

"ልቀር ነው እማዬ።"

እናትየው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ከዚያ እጃቸው ላይ ያለውን ጠርሙስ አዩ፤ ማን እንዳስያዛቸው የማያውቁ መሰሉ። "ታዲያ ይሄን ጉድፍ ምን ያደርግልኛል?" አሉና ገለበጡት። ክሩ በአንድ ጊዜ ረገፈ። ጠርሙሱንም ከኋላው ለቀቁት።

ባለሙያዋ ብዕሯን እንዳነሣች ቀርታለች። "አሁንስ ስንት እናቴ?"

"ምኑ?"

"ሲጥሉት የከበደዎት።"

"ዜሮ ነዋ" አሉ እናትየው፤ ጥያቄው ሞኝነት ሆኖባቸው። "ልጅቱ ይቺው መጥታ የለ?"

ትልቋ ሣቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ያው ዜሮ ነው፤ መቀሱን ባልዲ ውስጥ ኳ ያደረገው፣ ጥልፉን ያስጣለው፣ እሳት ለብሳ ከቤት እንድትወጣ ያደረጋት ዜሮ። ለካ ሲነገራት የኖረው ይሄ ነበር፤ እዚሁ ያለ ሰው ዕቃው አይያዝለትም። ባለሙያዋም እየሣቀች ወረቀቷ ላይ ረዘም ያለ ነገር ጻፈች፤ ምን እንደጻፈች ማንም አልጠየቃትም።

ኩኩ ብቻ ነበረች ያልሣቀችው። "እንግዲህ እኔ ልሂድ" አለች ጫማዋን እያየች። እናትየው "አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው?" ሲሉ ድምፃቸው ተለወጠ፤ ደህናው እጃቸው የቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ገባ። ሲወጣ ካልሲውን ይዟል። ይሄ ካልሲ ኩኩ እዚህ በቆየችበት ሳምንት ሁሉ ተረስቶ ኪሳቸው ውስጥ ከርሟል፤ አሁን ግን መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠውታል።

ትልቋ አየችው። ቅናቷ እዚያው ነበር፤ አንዴ ነገሩ ስለገባት ብቻ ጥሎ የሚሄድ እንግዳ አይደለም። ቆንጠጥ አደረጋት። ቢሆንም መስኮቱ ጋ ሄዳ የሻገተውን ብርጭቆ አነሣች፣ ውሃ አፍስሳ አጠበችው፣ አጥባም ኩኩ አሁን ከጠጣችበት ብርጭቆ ጎን አስቀመጠችው።

"የኩኩን ብርጭቆ ሳይታጠብ አስቀምጪው" አለች እናቷን። "እኔም አልነካውም። ካልሲው ግን ይሂድ እማዬ። አንዱን ብቻ ነው የምንይዘው።"

እናትየው ብርጭቆውን አዩ፣ ካልሲውን አዩ፣ ኩኩን አዩ። ኩኩ ዓይኗን ጠረገችና "ጣይው እማዬ፤ ጥንድ እንኳን የለውም" አለች። እናትየው ካልሲውን ከረጢቱ አፍ ላይ ያዙት።

"ስንት?" አለች ትልቋ፣ ባለሙያዋን ቀድማ።

"ስምንት" አሉ እናትየው። ጣታቸው ግን አልተፈታም። ትንሽ ቆይተው ጄሶ ያለበትን ክንዳቸውን ወደ ትልቋ ዘረጉ። "ያዢኝ እስኪ።"

ትልቋ ከጄሶው ጫፍ የወጡትን ጣቶች ያዘች፤ እናትየው ካልሲውን ለቀቁት።